የአጽም ዳርቻና አጽመ ርስት

በጥር ወር መንዝ ውስጥ፣ መሀል ሜዳ ከተማ፣ እናቴ ቤት፣ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ በናሚቢያ የባሕር ዳርቻ በረሃ አምስት ቀን በእግሬ እንደተጓዝኩ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ባናቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «መኪና ጠፍቶ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መኪናስ ነበረ፤ ድንኳናችንንና ውሃችንን ጭኖ ማታ ከምናድርበት ቦታ ቀድሞን ይደርስ ነበር አልኳቸው። «እንግዲያ እናንተን ለምን አልጫነም?» አሉ። ጀርመን ሀገር 17 ዓመት ኖሬም ለዚህ ጥያቄ የረባ መልስ የለኝም። አጎቴ በጎልማሳነታቸው በግ እየነዱ ደብረ ብርሃን ገበያ የወረዱት እግራቸውን ለማፍታታት አልነበረም፤ እኔ ግን ከሆስፒታል ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ የሁለት ወር ቁጠባዬን ከፍዬ ነው አሸዋ ላይ የተንከራተትኩት።

የተጓዝንበት ስፍራ ስሙ የአጽም ዳርቻ፣ በነሱ አጠራር ስኬልተን ኮስት ይባላል። ስሙን ያገኘው ድሮ ዓሣ ነባሪ አዳኞች በዳርቻው ጥለውት ከሄዱት አጥንትና በየጊዜው ባሕሩ ከሚተፋው የመርከብ ስብርባሪ ነው። ከኡጋብ ወንዝ እስከ አንጎላ ድንበር እስከ ኩኔኔ ወንዝ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። እኛ የሄድንበት ከዚህ ሁሉ ደቡባዊው ጫፍ ብቻ ነው። ስድስት ነበርን፤ ስማችን፣ የምንገባበትና የምንወጣበት ቀን መግቢያው በር ላይ በመዝገብ ሰፈረ፤ ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰው በቀር የሚያዝብን አልነበረም።

ያ ሰው መንገድ መሪያችን ነው። ከዳማራ ሕዝብ የተወለደ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ ቀጭንና ቁጥብ ሰው ነበር። ጀርመኖቹ ራሱ እንደጠየቃቸው በስሙ ይጠሩታል፤ እኔ ግን አንደበቴ እንቢ ስላለኝ በልቤ ጋሼ እያልኩ አምስቱን ቀን ስሙን ሳልጠራው ጨረስኩ። የመጀመሪያው ማለዳ ላይ አሰለፈንና የሱን ኮቴ እየረገጥን እንድንሄድ ነገረን። ምክንያቱን ለማሳየት በርከክ ብሎ አንዲት ጠጠር አነሳ፤ በጠጠሯ ላይ ብርቱካናማና አመድማ ቅርፊት ተለጥፏል። ከያዘው ኮዳ ሁለት ጠብታ ውሃ ሲያንጠባጥብበት የደረቀው ቅርፊት ዓይናችን እያየ ለሰለሰና አረንጓዴ ሆነ። ሕይወት ያለው ነገር ነበር፤ እኛ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል የዛፍ ሽበት የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። እጅግ በዝግታ ስለሚያድግ አንድ መኪና ያለፈበት ጎማ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም እንደ ትላንት ይታያል። ጠጠሯን በነበረችበት አኳኋን፣ ፊቷን እንኳ ሳያዞር፣ መልሶ አስቀመጣት።

ሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ከመካከላችን ትልቁ፣ በሆስፒታላችን ቀዶ ጠጋኝ የሆነው ሰው፣ ከአሸዋው ጉብታ ማዶ ያለውን የመርከብ ፍርስራሽ ደርሼ ልምጣ አለ። ከአንድ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። መሪው ወደ ባሕሩ አየና «አይሆንም» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ክርክሩ እስኪጀመር ጠበቅኩ። እኔ የማውቀው ሐኪም ነርሱን ሁለቴ «ለምን?» የሚል፣ ሆስፒታል ውስጥ እግዚአብሔርን የሚገዳደር ሰው ነው። እሱ ግን «እሺ» ብሎ ቦርሳው ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉሙ ከባሕር ወጥቶ ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ጀርባ ጋረደብኝ።

የዚያ ጉም ነገር ለብቻው ይነገራል። ከደቡብ ዋልታ አቅጣጫ የሚመጣው የቤንጉዌላ ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ በላዩ ያለውን እርጥብ አየር ያቀዘቅዘውና ጉም ያደርገዋል፤ ይኸው ቅዝቃዜ አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ዝናብ እንዳይሆን ያግደዋል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻው ዓመት ቢጠበቅ የሚዘንበው እፍኝ የማይሞላ ሆኖ ሳለ ፍጥረቱ ሁሉ ጉም ጠጥቶ ያድራል። ንጋት ላይ መሪው ድምፃችንን አጥፍተን ወደ አንድ አሸዋ አናት እንድንወጣ አደረገን። ጥቁር ጥንዚዛ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ራሱን ደፍቶና ቂጡን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል፤ ጉሙ ጀርባው ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛው ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታውም በጀርባው ተንሸራትቶ አፉ ውስጥ ይገባል። ሲሰግድ እንጂ ውሃ ሲጠጣ አይመስልም።

ማታ ራት ላይ ቀዶ ጠጋኙ ስለ መርከቦቹ ጠየቀ። መሪው ዳነዲን ስታር የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ታሪክ አጫወተን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1942፣ ከ100 በላይ ሰው ጭና በዚያው ዳርቻ፣ ከኛ ብዙ ርቃ በሰሜን፣ ተሰነጠቀች። የተሳፈሩት ሰዎች ከብዙ ስቃይ በኋላ ተርፈዋል። ልትረዳ የሄደችው ጎታች ጀልባ ግን ባሕር ዳር ተጋጭታ ቀረች፣ ከመርከበኞቿ ሁለቱ ሰጠሙ፤ ውሃ ያደረሰው አውሮፕላንም አሸዋ ላይ አርፎ መነሳት አቃተው። «የጠፋውን ፍለጋ የሚሄድም ይጠፋል፤ አይሆንም የምለው ለእናንተ ብቻ ብዬ አይደለም» አለን።

እንግዲህ ነጭ ሕግ አክባሪ ነው፣ እኛ ግን ሥርዓት የለንም ብዬ ልደመድም አልፈልግም። የእነዚያ ባልደረቦቼ ሀገር ከመቶ ዓመት በፊት በዚያው ምድር ያደረገው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1908 የጀርመን ጦር ሄሬሮና ናማ የተባሉትን ሕዝቦች ወደ በረሃ ነድቶ ፈጅቷል፤ እኛ ቡና እየጠጣን ዕረፍት ያደረግንባት የስዋኮፕሙንድ ከተማ የእስረኞች ማጎሪያ ነበረባት። ጀርመን ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ብላ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ስለዚህ መሪያችን «አይሆንም» ሲል የሐኪሙ «እሺ» ማለት በጠባይ ብቻ የመጣ አልመሰለኝም፤ ከሰውየው ጀርባ የቆመ ነገር ነበረ። ናሚቢያ ነፃ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ፣ በጋራ መሬት ላይ የሚኖሩ ገጠሬዎች ማኅበር መሥርተው በአካባቢያቸው የዱር እንስሳትና ከጎብኚ በሚገኘው ገቢ ላይ መብት እንዲኖራቸው ተደርጓል፤ ዛሬ እንዲህ ያሉት ማኅበራት ከ80 በላይ ናቸው። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በሰሜን ምዕራቡ ክፍል የየአካባቢው ሹማምንት ከገዛ ሰዎቻቸው የዱር እንስሳት ጠባቂ መርጠው ነበር፤ አንዳንዶቹ ጠባቂዎች ራሳቸው የቀድሞ አዳኞች ናቸው። የሰውየው ቃል የደመወዝተኛ ቃል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ባወራሁ በሦስተኛው ቀን ሁለት የአክስቴን ልጆች ይዤ ጓሳ ወጣሁ። ጓሳን ለማያውቅ አንባቢ፣ በመንዝ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሣር ምድር ነው፤ ጭላዳው፣ ጅብራው፣ ከሁሉም በላይ በዓለም ላይ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ይገኝበታል፤ ምሥራቃዊ ጫፉ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ማኅበረሰቡ ያስተዳድረዋል፣ መሪም ይመድብልሃል። የተመደበልን ስካውት ሃያዎቹን ያልጨረሰ፣ ከላይ ጋቢ ከታች የላስቲክ ጫማ ያደረገ ልጅ ነበር።

በመጀመሪያ በክፍያው ተከራከርኩት። «እኔ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ የፈረንጅ ሂሳብ ታስከፍለኛለህ?» አልኩት። የሀገር ልጅ ሂሳብ ነው የነገርኩህ ጋሼ አለኝ፤ እውነቱን ነበር። ግማሹን አስቀነስኩት። ናሚቢያ ላይ ለሰውየው ከተቆረጠው ዋጋ በላይ ጉርሻ ጨምሬ፣ እጁን በሁለት እጄ ይዤ እንደተሰናበትኩት ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ቀጥሎ ወደ ገደሉ አፋፍ እንውረድ ስለው ጉም ከቆላው እየወጣ ስለሆነ ዛሬ አይሆንም አለ። ቃሉ ከዳማራው ሰውዬ ቃል ጋር አንድ ነበር። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ እዚህ ከብት እንደጠበቅኩ፣ አፋፉን ዓይኔን ጨፍኜ እንደማውቀው ነገርኩትና የአክስቴን ልጆች አስከትዬ ወረድኩ።

የጓሳ ጉም ከባሕር አይመጣም፤ ሞቃቱ የቆላ አየር ገደሉን ተደግፎ ሲወጣ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል፤ በጣርማ በር ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። አመጣጡ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ከእግራችን በታች ነጭ ሆኖ ተኛ፤ ቀጥሎ አስታው ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት እርጥብ ሆኖ ፊቴን ነካኝ፤ ከዚያ እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን ማየት አቃተኝ። ትንሿ የአክስቴ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ ስላላወቅኩ ቁጭ በሉ አልኳቸውና እኔም ቁጭ አልኩ። በዚህ መካከል ከላያችን ፉጨት ሰማን። ልጁ ከኋላችን ሳይለየን ወርዶ ነበር። የጋቢውን ጫፍ አስይዞ አንድ በአንድ አወጣን፤ ሜዳው ላይ ስንደርስ ሳይቆጣ «ጉሙ የሀገር ልጅና እንግዳ አይለይም እኮ ጋሼ» አለኝ። የረገጥኳቸውን የፍልፈል ጉድጓዶችም በእግሩ ጫፍ አሳየኝ፤ ፍልፈል የቀይ ቀበሮው ቀለብ ነው።

በዚያ ምሽት ነገሩን ለአጎቴ ስነግራቸው ያዘኑብኝ ለነፍሳችን ብቻ አልነበረም። በሳቸው ልጅነት ጓሳ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። መብቱ የአጽመ ርስት መብት ነው፤ መንዝን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው ይባላል፣ ከነሱ ዘር ነኝ ብሎ ሐረጉን የቆጠረ ሁሉ ድርሻ አለው። አለቆቹን ባለርስቱ ራሱ ይመርጣል፣ እነሱም በተዘጋው ዘመን ሣር ሊያጭድ ወይም ከብት ሊያስገባ የመጣን ሰው፣ ጎረቤትም ቢሆን ዘመድ፣ ይቀጣሉ። ሲከፈት ቤት መክደኛው፣ ገመዱና ገሳው ለሁሉም ይታጨዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ ሥርዓት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ አጽመ ርስቱ ቀረ፣ ከሱ ጋር የመከልከል ሥልጣኑም ቀረ። አጎቴ አዋጁን አይረግሙትም፤ ሐረግ መቁጠር የማይችለው ድሃ ዳር ቆሞ ሲያይ የኖረበት ዘመን እንደነበረ ያውቃሉ። «ግን አንተን ዛሬ ያ ልጅ እንቢ ሲልህ አስቦና ጌራ ነበሩ እንቢ ያሉህ፤ አልሰማሃቸውም» አሉኝ።

እውነትም በዚያ በኩል አጽም ማለት ባሕር ዳር የቀረ የዓሣ ነባሪ አጥንት ነው፤ በኛ በኩል መሬት የሚያስከብር የአያት አጥንት ነበር። ማነጻጸሩ በአንድ በኩል ፍትሐዊ አይደለም፤ እዚያ ዳርቻ ላይ ቋሚ መንደር የለም፣ እዚህ ግን ከጓሳ ጫፍ የማገዶ፣ የሣርና የግጦሽ ችግር ያለበት ገበሬ ሰፍሯል። በሌላ በኩል ደግሞ ሸዋ መንገድ መሪን መስማት ከማንም የሚማር አገር አልነበረም። ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አልዩ አምባ የሚገባው ሲራራ ነጋዴ ያለ አፋር መሪ አንድ ቀን አያድርም፤ ውሃው የት እንዳለ የሚያውቀው መሪው ብቻ ነበርና። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ሬምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ እ.ኤ.አ. በ1886 መገባደጃ ከታጁራ ተነስቶ አንኮበር የደረሰው በማግሥቱ ዓመት በየካቲት ነው። ያ ደግሞ የባሕር ዳርቻ በረሃ ነው፤ ያን መንገድ ግን ለመዝናናት ብሎ የተጓዘው አልነበረም።

በማግሥቱ ማለዳ ውርጩ ሣሩን እንዳነጣው ጓሳ ተመለስኩ። ስካውቱ ሌሎች ጎብኚዎች ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ቢሮው ውስጥ መዝገብ የሚይዘው ሰው ብቻ አገኘሁ። ትላንት ያስቀነስኩትን ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የማን እንደሆነ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አነሳና «ጉርሻ ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። «አይደለም፤ የቀረ ሂሳብ ብለህ ጻፈው» አልኩት። ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠኝና በር ላይ ወደቆሙት እንግዶች ዞረ።