«አገልጋዮች ቅድሚያ ይስተናገዱ»

አሜሪካ ባሉ በብዙ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ወደ አዳራሽ ሲወርድ፣ ማይክ የያዘው ሰው የማትቀር ማስታወቂያ አለችው፦ «አገልጋዮች ቅድሚያ ይስተናገዱ!» ካህናቱ ይነሣሉ፣ ዲያቆናቱ ይነሣሉ፣ መዘምራኑና እንግዳው ሰባኪ ይከተላሉ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ወዲያ ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምረው ሽንኩርት ሲያቁላሉ ያመሹ አራት ሴቶች ጭልፋ እንደያዙ ቆመዋል። እነሱ አይነሡም። አገልጋይ ማለት እነሱ አይደሉማ!

በእርግጥ የቀደሰ ዲያቆን 18 ሰዓት ጾሞ፣ ሌሊት ተነሥቶ ቆሟልና ቀድሞ ቢቀምስ የሚቀየም የለም። አገር ቤትም በደጀ ሰላም መጀመሪያ የሚቀርበው ለቀዳሾቹ ነው። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ቃሉ ነው። «አገልጋይ» ባሕር ሲሻገር ማይክ ጨበጠና በዚያው ቀረ። ፖስተር ላይ «አገልጋይ እገሌ» ከተባለ ፎቶው ነጠላ ያጣፋ ወይም ኮት የለበሰ ሰው ነው፤ ሽርጥ የታጠቀ አገልጋይ በፖስተር ታይቶ አያውቅም። ጌታ ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ልብሱን አኑሮ ማበሻ ጨርቅ ነው የታጠቀው። ያው ሽርጥ በሉት።

ዲያቆን የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም አገልጋይ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ሰዎች የተመረጡት በማዕድ ጉዳይ ነበር፦ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ እደላ ይረሳሉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሥቶ። እስጢፋኖስን ቀዳሜ ሰማዕት ብለን እናከብረዋለን፤ መጀመሪያ የተሾመው ግን በምግብ እደላ ላይ ነው። «ሐዋርያቱስ ቃሉን ትተን ማዕድ ልናገለግል አይገባንም ብለው የለ?» የሚል አይጠፋም። ብለዋል። ወዲያው ግን ለማዕዱ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን አስመርጠው፣ ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። በእኛ ወጥ ቤት እጅ የጫነ አልታየም። ጣት የቀሰረ ግን ሞልቷል፦ «ዛሬ ጨው በዝቷል።»

አገር ቤት ግን፣ መንዝም ሆነ ተጉለት፣ ቡልጋም ሆነ ምንጃር፣ ሰንበቴ (እሑድ እሑድ በተራ የሚደገስበት ማኅበር) ያለው ሰው ተራው ሲቃረብ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለጠላው ገብስ ይነከራል፣ በቅጠል ታፍኖ ይበቅላል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል። ብቅሉና ጌሾው ይጠነሰሳል፤ ቆላ ላይ በሁለት በሦስት ቀን የሚነሣው ጥንስስ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በደብረ ብርሃን ብርድ ቀናት ይጨምራል። ከዚያ ቂጣው፣ ከዚያ እንኩሮው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንኩሮው ላይ ነው፦ ከምጣድ እንደወጣ በትኩሱ ከገባ ጥንስሱን ይገድለዋል፣ ጠላውም ሳይፈላ ይቀራል። የጋኑ አፍ በደንብ ካልታፈነ ደግሞ አየር ያገኘው ጠላ ለሰንበቴው ሳይደርስ ይኮመጥጣል። ንፍሮውም ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ባቄላው ሌሊቱን ሳይነከር ከስንዴው ጋር ከተጣደ ስንዴው ፈንድቶ ባቄላው ጥርስ ይፈታተናል።

ይህን ሁሉ የደገሰ ባለተራ እሑድ ዕለት ምን ያደርጋል? ጋቢውን አደግድጎ ያሳልፋል! ሁለት ጥማድ በሬ ያለውም፣ በሬ የሌለውም፣ ተራው የደረሰ ዕለት ከካህኑ ጀምሮ ደጅ እስከተቀመጠው ነዳይ ድረስ ዞሮ ይቀዳል። «አገልጋይ» የሚለው የለም፤ ባለተራ ነው፣ በሚቀጥለው ሌላው ነው። የጽዋ ማኅበሩም ያው ነው። በ12 ይዋል በ21 ወይም በ27፣ ጽዋውን የተረከበ በወሩ ይደግሳል፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴውም ቢሆን ከተራ አያመልጥም።

እንግዳም ሲመጣ እንዲሁ ነው። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሲሄድ የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይቀርባል። የተሰነጠቀ ተረከዝ እስኪርስ ይቆያል፣ በጣቶቹ መሃል የገባው አሸዋ ይወጣል፣ ፍስክ ከሆነ በቅቤ ይታሻል። ካህኑ ለጸሎተ ሐሙስ በወይንና በወይራ ቅጠል የሚያጥበውን እግር የመንዝ ቤት በአዘቦቱ ቀን ያጥበዋል። ከዚያ የሱፍ ባና ይደረብለታል።

አገር ቤቱን ግን ጻድቅ አላደርገውም። ጠላውን የምትጠምቀው እሷ ናት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚባለው እሱ ነው። ዝክሩ ከጎረቤት ዝክር እንዳያንስ ብሎ ዕዳ የሚገባም አለ። ብዙው አገልግሎትም ዞሮ የሚመለስ ነው፤ ዛሬ ያበላሁህ ነገ ታበላኛለህ፣ ሐዘን ቤት የቀረህ ደግሞ በሐዘንህ ጊዜ ታየዋለህ።

በዚህ በኩል ፈረንጆቹ ያስቀናሉ። በቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ቤት ለሌላቸው ሰዎች ምሳ ሲያበሉ፣ ሾርባ የሚጨልፈው ሰው የሚበላውን ስሙን እንኳ አያውቀውም፤ ብድር እንደማይመልስለት ግን ያውቃል። በሉቃስ ምዕራፍ 14 «የሚመልሱት የላቸውምና» ተብሎ ለግብዣ እንዲጠሩ የታዘዘላቸው እነዚህ ናቸው። ጡረታ የወጣ ሐኪም ወለል ሲወለውል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሥርዓታቸው ያበሳጫል እንጂ! ቅጽ ሙላ፣ ጓንት አድርግ፣ የፀጉር መረብ አጥልቅ፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሽፍትህ አልቋል ተብሎ ጭልፋውን ይቀበሉሃል። ሦስት ቀን ሐዘን ቤት ለሚያድር ሕዝብ ይሄ ቀልድ ነው።

ቴርሞሜትራቸውን ግን አልንቅም። ለሕዝብ የሚቀርብ ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲወርድ አይፈቅዱም። የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 21፣ በቀጣዩ አራት ሰዓት ወደ 5 ዲግሪ መውረድ አለበት። የእኛ የቅዳሜ ማታ ምስር ወጥ በ40 ሊትር ድስት እንደተከደነ ያድራል፤ ላዩ ቢበርድም መሃሉ ለብ እንዳለ ነው፣ ተህዋስያን የሚራቡትም እዚያ ነው። ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ መክተትም አያድንም። ወጡን ሦስት ጣት ያህል ጥልቀት ብቻ እንዲኖረው በዝርግ ትሪ ከፋፍሎ፣ እስኪበርድ ሳይከድኑ ፍሪጅ ማስገባት ነው መፍትሔው። ይህን ተምረው፣ ተፈትነው የምግብ አያያዝ ካርድ ያወጡትም እነዚያው አራት ሴቶች ናቸው።

ሒሳቡ ደግሞ ከባድ አይደለም። ለ200 ሰው አንድ ተኩል አንድ ተኩል እንጀራ ቢታሰብ 300 ነው፤ አሥር አሥር ሆኖ ከሚታሸገው 30 ጥቅል። 60 ቤተሰብ ያለው ደብር ለእያንዳንዱ እሑድ አራት ቤት ቢመድብ ለአንድ ቤት ተራው የሚደርሰው በ15 ሳምንት አንዴ ነው፤ በዓመት ሦስት፣ ቢበዛ አራት ጊዜ። መቁላላቱም፣ ድስት ማጠቡም፣ ወንበር ማጠፉም፣ ቆሻሻ ማውጣቱም እዚያ ውስጥ ይካተት። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ይውጣና የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበርም፣ ዘማሪውም፣ ማስታወቂያ ነጋሪውም በስማቸው ይግቡበት። ባለተራው ሽርጥ ታጥቆ ያሳልፍ፣ አራቱ ሴቶች አንድ እሑድ እንኳ ቁጭ ብለው ይጉረሱ። ከዚያ ወዲያ «አገልጋዮች ቅድሚያ ይስተናገዱ» ሲባል ማን እንደሚነሣ እናያለን።