ዳር ነን ማለት ሰበብ ነው

ሰሞኑን በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉ አጥቢያዎች የአንዱ ሰበካ ጉባኤ የቅዳሴና የማኅሌት ቀጥታ ስርጭቱ እንዲቆም ወስኗል። ምክንያቱም በዐውደ ምሕረት ላይ ተነግሯል፦ «እኛ ዳር ነን፤ የኛ ሰፈር ኔትዎርክ ላይቭ አይችልም።» በንግሡ ዕለት ምስሉ በየደቂቃው ሲቆም፣ ድምፁ ሲቆራረጥ ቆይቶ፣ ታቦቱ ሳይወጣ ጭራሽ ስለጠፋ ነው ነገሩ እዚህ የደረሰው። ለስርጭቱ ዕቃ ምእመኑ ካዋጣው የተረፈው ገንዘብ ለአጥር ሥራ ዞሯል።

አጥሩ ይታጠር፤ በእሱ ጠብ የለኝም። የተሰጠው ምክንያት ግን ትክክል አይደለም፤ ያዋጣው ምእመንም ዝም ብሎ ሊቀበለው አይገባም። ቱሉ ዲምቱ በሉ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፤ በነዚህ ሰፈሮች እናት ማታ ማታ ዓረብ አገር ካለች ልጇ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። የልጅቷን ፊት ባሕር አሻግሮ የሚያመጣውን መስመር ነው «ላይቭ አይችልም» ያሉት።

ቁጥሩን እንየው። 720 ፒ ጥራት ያለው ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም (ተከታታይ ፎቶ) ለማስተላለፍ 2.5 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃል። ለድምፁ 128 ኪሎ ቢት ይጨመር። ላይቭ የሚፈልገው አፕሎድ፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚላክበት ፍጥነት፣ ስለሆነ ዳውንሎዱን ትቶ አፕሎዱን መለካት ነው፤ 5 ሜጋ ቢት ከተገኘ እጥፍ መጠባበቂያ አለ ማለት ነው። የ3 ሰዓት ቅዳሴ 3.5 ጊጋ ባይት ገደማ ይበላል። 8 ሰዓት የሚቆም ማኅሌት 9.5 ጊጋ ባይት አካባቢ ነው። ይህ ዳር ሰፈር የማይሸከመው ጭነት አይደለም።

ታዲያ ምን ቆረጠው? መዋጮ ሲጠየቅ ለሕዝብ የተነበበው ዝርዝር ራሱ ይናገራል። የተገዛው ሁለት የዋይፋይ ካሜራና አንድ ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ አርቆ የሚልክ ዕቃ) ነው። ለገመድ ዝርጋታ ተይዞ የነበረው በጀት «ዋይፋይ እያለ ገመድ ለምን?» ተብሎ ተሰርዟል። ይህን ያለው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ስርጭቱ የሞተው ያን ቀን ነው።

ራውተሩ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ካሜራዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ። በመካከላቸው ብረት የበዛበት የኮንክሪት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ርካሹ ሪፒተር የተቀበለውን በዚያው ቻናል መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። በሥራ ቀን፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሲሞከር ይሠራል፤ ተከላው «ተሳካ» የተባለውም እንዲህ ባለ ሙከራ ነው። በንግሥ ቀን ግን ግቢው ጢም ይላል። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነውና የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድን ይውጣል። በዚያ ላይ በየኪሱ ያለው ስልክ ዋይፋይ ይፈልጋል፣ ሆትስፖት የከፈተም አይጠፋም፤ ሁሉም የሚሻማው በዚያው ሞገድ ላይ ነው፣ በዚያ ሞገድ ደግሞ ሳይነካኩ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ካሜራው ምስሉን ራውተሩ ዘንድ ሳያደርስ ግቢው ውስጥ ቀረ። ከግቢው ውጭ ያለው መስመር ገና ምንም አልተጠየቀም። በተቀደደ ጄሪካን ቀድቶ ጉድጓዱ ደረቀ እንደማለት ነው።

ይህን ለማወቅ ባለሙያ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ስርጭቱ የሚላከው ኦቢኤስ በተባለው የላፕቶፕ ፕሮግራም ከሆነ የመስኮቱ ግርጌ ላይ በኔትዎርክ ምክንያት የተጣሉ ፍሬሞች በቁጥርና በመቶኛ ይታያሉ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ወደ ውጭ የሚሄደው መስመር ተዳክሟል፤ ቢትሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከውን መጠን፣ ወደ 1.5 ሜጋ ቢት ማውረድ ነው። ቁጥሩ 0 ላይ ቆሞ ምስሉ ከደረቀ ግን ጥፋቱ በካሜራውና በላፕቶፑ መካከል ነው። ለማረጋገጥ የካሜራውን የኔትዎርክ አድራሻ (አይፒ) በቪኤልሲ፣ በቪዲዮ ማጫወቻው ፕሮግራም፣ መክፈት ይበቃል፤ እዚያም ከደረቀ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ብትጥሉትም ይደርቃል። ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ይህን የ5 ደቂቃ ምርመራ ያደረገ ሰው ቢኖር ኖሮ «ዳር ነን» የሚለው ቃል ከአፍ ባልወጣ ነበር።

መፍትሔው ገመድ ነው። ካሜራው የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ ከገመዱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። አራት ካሜራ እያንዳንዱ 60 ሜትር ቢርቅ 240 ሜትር ይፈልጋል፤ አንድ ካርቶን ኬብል 305 ሜትር ነው። ባለ 8 ፖርት ፒኦኢ ስዊች (የካሜራዎቹ ገመዶች ሁሉ የሚሰኩበት ሣጥን) ቢገዛ ኤሌክትሪኩም ዳታውም በዚያው በአንዱ ገመድ ይሄዳል፤ ግድግዳው ላይ ለካሜራ ተብሎ ሶኬት መቆፈር ይቀራል። ለቋሚ ካሜራ በፖርት 15.4 ዋት የሚሰጠው ደረጃ ይበቃል። ለሚዞረውና ለሚያቀርበው ካሜራ 30 ዋት የሚሰጠውን መያዝ ይሻላል። የስዊቹን ጠቅላላ ዋት ሳያዩ መግዛት ግን አደገኛ ነው፤ ስምንቱም ፖርት 30 ይሰጣል ተብሎ ጠቅላላው 60 ብቻ የሆነ ስዊች ሦስተኛው የሚዞር ካሜራ ሲሰካ ሊያጠፋው ይችላል።

ገመዱ ላይም ማጭበርበር አለ። ገበያው ላይ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው ኬብል ብዙ ጊዜ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ነው። የአሉሚኒየሙ ሬዚስታንስ ከመዳቡ በእጅጉ ስለሚበልጥ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል። ቀን ሲሠራ የዋለው ካሜራ ለማኅሌት ሲመሽ የሌሊት መብራቱን ያበራል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ካሜራው ይጠፋና እንደገና ይነሣል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያ ነው። ከዚያ «ካሜራው ቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል። መለየቱ ቀላል ነው፦ የአንዷን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ ማድረግ፤ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ወደ ሻጩ ይመለስ። ንጹሕ መዳብ ካት 6 ይገዛ፣ ከ100 ሜትር አይብለጥ፣ ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አይግባ። ጫፎቹ በሁለቱም ወገን በአንድ ቅደም ተከተል ይመቱ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በሜዳ የሚያልፈው ግን መዳብ መሆን የለበትም። ዳርቻው ላይ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ኮረብታ ላይ ናቸው፤ በክረምት መብረቅ አካባቢው ላይ ሲወድቅ በመዳቡ ተከትሎ ስዊቹንም ካሜራውንም ያቃጥላል። እዚያ ቦታ ፋይበርና በሁለቱ ጫፎቹ ከመዳብ ገመድ ጋር የሚያገናኙት ሁለት ኮንቨርተር ይግባ፤ ፋይበር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ለእያንዳንዱ ካሜራ ቋሚ አድራሻ መስጠት ግዴታ ነው። ራውተሩ በዘፈቀደ እንዲያድል ከተተወ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አድራሻው ተቀይሮ ላፕቶፑ ካሜራውን ያጣዋል፤ ቅዳሴ መሐል ሰው ሲሯሯጥ የሚታየው ለዚህ ነው። ከፋብሪካው ጋር የመጣው የይለፍ ቃልም በዚያው ቀን ይቀየር። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራና ራውተር የተቆጣጠረው ማንም ያልቀየራቸውን የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ነው። ካሜራውን ከውጭ ለማየት ብሎ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከኢንተርኔት ወደ ውስጥ የሚያስገባ መንገድ) መክፈት የቤተ መቅደሱን በር ገርበብ አድርጎ ማደር ነው።

«ስልክ በስታንድ ይበቃናል» የሚሉም አሉ። በንግሥ ቀን የግቢው ሕዝብ በሙሉ በአንድ የሞባይል ማማ ላይ ሲረባረብ መጀመሪያ የሚያጣው ያ ስልክ ነው። በተጨማሪም ስልኩን የያዘው ልጅ ቅድስት ውስጥ በቆመው ሕዝብ ፊት ወዲያ ወዲህ ይላል። በገመድ የታሰረና ከፍ ብሎ የተተከለ ካሜራ ማንንም አይጋርድም። የሚያይበት ቦታ አስቀድሞ ተቆጥሮ ይመዘገባል፤ መጋረጃው ሲዘጋ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ይዞራል፣ ሥጋ ወደሙ ሲሰጥ የቆራቢውን ፊት አያቀርብም። ለሥርዓቱ የሚቆረቆር ሰው ስልኩን ሳይሆን ይህን መደገፍ ነበረበት።

የካሜራው ቅንብርም በቤታችን ልክ መሆን አለበት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ካሜራው በ60 ላይ ከተተወ አምፖሉ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር እያንከባለለ ያሳልፋል። 50 ኸርዝ፣ 25 ፍሬም፣ ሸተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ፣ ቁልፍ ፍሬም (ሙሉው ምስል እንደ አዲስ የሚላክበት) በየ2 ሰከንዱ። ብርሃኑን ለካሜራው አውቶ መተው ደግሞ ለኛ አይሆንም። ሺህ ሰው ነጠላ ለብሶ ሲቆም ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል፤ የቄሱ ፊት ከሰል ይመስላል። በእጅ በካህኑ ፊት ልክ አስተካክሎ መቆለፍ ነው። ፎከሱም እንዲሁ፤ ማዕጠንት ሲዞር አውቶ ፎከስ ጢሱን ዕቃ መስሎት ይከተለዋል፣ ካህኑ ይደበዝዛል። ጢሱ ውሎ አድሮ ሌንሱን በስሱ ስለሚሸፍነው በሳምንት አንዴ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

ድምፅ ላይ የሚሠራው ጥፋት ከሁሉ ይከፋል። ከሚክሰሩ በቀጥታ የተወሰደ ድምፅ ማይክ የያዘውን ካህን ብቻ ያመጣል። ካህኑ ይላል፣ ሕዝቡ ይመልሳል፣ ስልኩ ላይ ግን ዝምታ ነው፤ ተሰጥኦው የለም። አልጋ ላይ ሆና የምትከታተለው እናት ከማን ጋር ትመልስ? ቅድስቱ ላይ ለሕዝቡ አንድ ማይክ መስቀልና በኦክስ መውጫ (ሚክሰሩ ላይ ባለው ተጨማሪ የድምፅ መውጫ) ለላይቩ ብቻ የተለየ ቅንብር ማውጣት ነው። ከዚያ በዩኤስቢ ኦዲዮ ካርድ ወደ ላፕቶፑ ይግባ፤ የላፕቶፑ ማይክ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ ድምፁ ይሰነጠቃል። እምም የሚል ድምፅ ከመጣ ብዙ ጊዜ ሚክሰሩና ላፕቶፑ በተለያየ ሶኬት ላይ ስለሆኑ ነው፤ ወደ አንድ ይምጡ። የካሜራው ምስል ከድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ አንድ ሰው ካሜራ ፊት አጨብጭቦ፣ ልዩነቱ ተለክቶ፣ ድምፁ በዚያው ልክ ይዘግይ፤ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል።

መብራት መጥፋቱን አልክድም፤ መንገድ ሲቆፈር ፋይበር መቆረጡንም። ግን ሁለቱም መልስ አላቸው። ስዊቹ፣ ራውተሩና ላፕቶፑ ተደምረው 130 ዋት ቢሆኑ ባለ 100 አምፒር አወር የ12 ቮልት ባትሪ ከነኢንቨርተሩ፣ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ፣ 4 ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስም ምንም አይቋረጥም። ለፋይበሩ መቆረጥ ከሌላው ኦፕሬተር ሲም የገባበት ራውተር ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ሁለት ኦፕሬተር ያለን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

«ላይቭ ሰውን ከቤተ ክርስቲያን ያስቀራል» ለሚሉት ብዙ ቃል አላባክንም። የ40ና የ80 ቀን አራስ፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ዳገቱ ያቃታቸው አባት ቀድሞውኑ ቀርተዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በቤቱ ሆኖ ሰሙነ ሕማማትን በስክሪን የተከታተለ ምእመን ይህን ለማስረዳት አያስቸግረውም። ስርጭቱ ሲዘጋ የተዘጋው በነሱ ላይ ነው።

ከሰበካ ጉባኤው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከሚቀጥለው ንግሥ በፊት ላፕቶፑ በገመድ ራውተሩ ላይ ይሰካ፣ አንድ ካሜራ በገመድ ስዊቹ ላይ ይታሰር፣ እሑድ ሕዝብ ሞልቶ ሳለ 3 ሰዓት ሙሉ በዝግ ሊንክ ይተላለፍ። የተጣሉት ፍሬሞች መቶኛ ለሕዝብ ይነበብ። መስመሩ ካልቻለ እኔም እቀበላለሁ። 0 ወይም ለ0 የቀረበ ከሆነ ግን የተሰረዘው የገመድ በጀት ይመለስ፤ ዝርጋታው ለሁለት ባለሙያ የሁለት ቀን ሥራ ነው።