ራሳቸው ቆልፈው ራሳቸው ሲከፍቱ ለምን እናጨበጭባለን?

የፓዮኒርን የዲጄ ዕቃ የሚሠራው አልፋቴታ “ዋንላይብረሪ” የተባለውን ነገር ካወጀ ወዲህ የዲጄዎች ሰፈር ደስታ በደስታ ሆኗል። ያወጀው ኦክቶበር 2025 ላይ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከእንግዲህ ዘፈኖቹን በትራክተር ወይም በዲጄይ ሶፍትዌር ያዘጋጀ ሰው ፍላሹን ይዞ ሄዶ የፓዮኒር ማጫወቻ ላይ ይሰካል። ፕሌይሊስቱ፣ ኪው ነጥቦቹ (ዘፈኑ ላይ ያደረጋቸው ምልክቶች)፣ ቢትግሪዱ (የምቱ መስመር) እንዳሉ ይመጡለታል። ድሮ ይሄ የቤቱ የራሱ ሶፍትዌር የሆነው የሬኮርድቦክስ ተጠቃሚ ብቻ ዕድል ነበር።

ጥሩ ነው። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለኝም። ጠቡ የመጣው አንድ የማከብረው ዲጄ “በቃ ግድግዳው ፈረሰ፣ የብራንድ ጦርነት አለቀ” ሲለኝ ነው። ቀጠለና “ኩባንያው ለዲጄው ሲል ከጥቅሙ ጎደለ” አለኝ። እሱ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። ግን ሰሞኑን ከስንቱ አፍ ሰማሁት መሰላችሁ።

ከጥቅሙ ጎደለ አሉ! ቁልፉን የሠራው ማን ሆነና?

ሬኮርድቦክስ የመጣው በ2009 ሲዲጄ-2000 ከሚባለው ማጫወቻ ጋር ነው። ያኔ ቤቱ ገና ፓዮኒር ነበር፤ አልፋቴታ የተባለው በ2020 ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፍላሹ ላይ የሚጻፈው መረጃ የዚያ ቤት ነው። በሌላ ሶፍትዌር ከሠራህ ማጫወቻው ዘፈንህን ያጫውትልሃል፤ ልፋትህን ግን አያውቅልህም። ሳምንት ሙሉ ያስቀመጥካቸው ኪዎች የሉም። በቅደም ተከተል የደረደርከው ፕሌይሊስት የለም። ስለዚህ ወይ ለዋጭ ፕሮግራም ትገዛለህ፣ ወይ ሁሉንም እንደገና በሬኮርድቦክስ ትሠራለህ። አብዛኛው ሰው ምን አደረገ? ሁለተኛውን። ቤቱም የፈለገው እሱን ነው። እንግዲህ ለ16 ዓመት እጃችንን ጠምዝዞ ሲያበቃ ትንሽ ቢያላላ “እግዜር ይስጥልን” ልንለው ነው?

እነማን እንደገቡ ደግሞ ተመልከቱ። ትራክተር ገባ። ዲጄይ ገባ። ሁለቱም ሶፍትዌር ናቸው። ክለብ ውስጥ ከሲዲጄው ጎን ተቀምጦ ቦታውን ሊነጥቅ የሚችል ማጫወቻ የላቸውም። እንዲህ ያለ ማጫወቻ ያለው ዴነን ዲጄ ግን መጀመሪያ በተነገረው ዝርዝር ውስጥ የለም። ሌላው የዲጄ ሶፍትዌር ሴራቶም የለም። አጋጣሚ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ይመን። በሩ የተከፈተው ወደ ውስጥ ለሚገባ ነው፤ ወደ ውጭ ለሚወጣ አይደለም። “የትም አዘጋጅ፣ ብቻ መጨረሻህ የኔ ማሽን ይሁን” ነው ነገሩ። እሱም ቢሆን አዲሶቹ ላይ ነው የሚሠራው። በ2016 ወጥቶ እስካሁን በየክለቡ ደህና እየሠራ ያለው ሲዲጄ-2000 ኔክሰስ 2 ይህን ፎርማት አያነብም። ነፃነቱን ከፈለግህ አዲስ ግዛ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁሌም አንዱ ተነስቶ “ቤቱ አንደኛ የሆነው ዕቃው ስለሚበልጥ ነው፣ ገበያው ፈርዷል” ይላል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ክርክር ይሄ ነው። እስቲ ገበያው ምን እንደፈረደ እንይ።

ዴነን ኤስሲ6000 የተባለውን ማጫወቻ ያወጣው በ2020 ነው። 10.1 ኢንች ንኪ ስክሪን አለው። ዋይፋይ አለው። ኢንተርኔት ካለ ያለ ላፕቶፕ ዘፈን ከስትሪሚንግ ያመጣል። አንዱ ማሽን ብቻውን ሁለት ዘፈን በአንዴ ያጫውታል። በዚያው ዓመት ሲዲጄ-3000 ወጣ። ስክሪኑ 9 ኢንች፣ ዋይፋይ የለውም፣ አንድ ማሽን አንድ ዘፈን። ማን አሸነፈ? ሲዲጄው። ከዚያ በ2025 ሲዲጄ-3000ኤክስ መጣ። ምን ይዞ? 10.1 ኢንች ስክሪንና ዋይፋይ! ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 3,000 ዶላር ገደማ። ዓለምም “አብዮት ነው” አለ። ሌላው ከአምስት ዓመት በፊት ያደረገውን ነገር አንደኛው ሲያደርገው አብዮት የሚሆንበት ገበያ ፈራጅ ነው ብሎ የሚከራከረኝን ሰው ምን ልበለው?

ሲዲጄው መጥፎ ዕቃ ነው አላልኩም። ጠንካራ ነው፣ ጆጉም (በእጅ የሚዞረው ክቡ) እጅ ላይ ደስ ይላል። ግን አንደኛ ያደረገው እሱ አይደለም።

አንደኛ ያደረገው ቦታው ነው። የዲጄ ዕቃ ገበያ ከሌላው ገበያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ግን ይሄን አያይም። ትልቁን ዕቃ የሚጠቀምበት ሰው አይገዛውም። የሚገዛው የክለቡ ባለቤት ወይም የሳውንድ ሲስተም አከራዩ ነው። እሱ ደግሞ ዲጄ አይደለም። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ዲጄዎች ከመምጣታቸው በፊት የሚልኩለት የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ራይደር የሚሉት። ራይደሩ ላይ ሲዲጄ ይላል። ዲጄው ለምን ሲዲጄ ብሎ ይጽፋል? የሚሄድበት ቦታ ሁሉ ያለው እሱ ስለሆነ። ቦታው ሁሉ ለምን እሱ አለ? ዲጄው ስለጻፈው። በዚህ ዙር ውስጥ “የትኛው ማሽን ይሻላል?” የሚል ጥያቄ የሚነሳበት ቦታ የለም። ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልመለሰም።

ዴነን ይሄን ገብቶት ነበር። በ2017 ኤስሲ5000ን ሲያወጣ ማስታወቂያው ስለ ማሽኑ አልነበረም። “ራይደራችሁን ቀይሩ” ነበር ያለው። እንደ ላይድባክ ሉክ ያሉ ስመ ጥር ዲጄዎችን ይዞ ዘመተ። በዚህ ገበያ ውስጥ ካየኋቸው ዘመቻዎች ሁሉ እውነቱን ፊት ለፊት የተናገረው እሱ ነው። ማሽናችን ይሻላል ብሎ መለፈፍ ዋጋ እንደሌለው፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ካልተለወጠ ምንም እንደማይለወጥ ያውቅ ነበር። ያም ሆኖ አልሆነለትም። ማሽኖቹ የፓዮኒርን ፍላሽ እንዲያነቡ አደረገ። ሲዲጄው ግን የዴነንን አያነብም። ዲጄው ታዲያ ምን ያስብ? በሬኮርድቦክስ ካዘጋጀ ሁለቱም ቦታ ይሠራል። በዴነኑ ሶፍትዌር በኢንጅን ካዘጋጀ አንዱ ቦታ ብቻ። ደግነቱ ራሱን ጎዳው።

አንደኛ መሆን ራሱ ኃጢአት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የሸክላ ማጫወቻ የሚሠራው ቴክኒክስም አንደኛ ነበር። ኤስኤል-1200 በ1972 ወጣ፣ ማርክ 2 በ1979 መጣ፣ ከዚያ በ2010 ማምረት እስኪቆም ድረስ የዲጄው ጠረጴዛ ላይ ከእሱ ሌላ ንጉሥ አልነበረም። በ2016 ደግሞ ተመለሰ። ግን ልዩነቱን አስተውሉ። ሸክላው የቴክኒክስ አልነበረም። ያው ሸክላ ቬስታክስ ላይም ኑማርክ ላይም ይዞራል። ቴክኒክስ ንጉሥ ሆኖ የኖረው ሞተሩ ስለማያሳፍር ነው። ነገ የተሻለ ሞተር ቢመጣ ዲጄው ሸክላዎቹን ሰብስቦ ይሄድ ነበር። እኛም ጋ ካሴት እንዲሁ ነበር። ከመርካቶ የተገዛ ካሴት ሶኒ ቴፕ ላይም ሳንዮ ላይም ይጫወታል። ማን “ይሄ ካሴት የሚሰማው በኔ ቴፕ ብቻ ነው” ይል ነበር? ቢል ማን ይሰማው ነበር? ሲዲጄ-1000 እንኳን በ2001 ሲወጣ የሚያጫውተው ሲዲ ነው፤ ሲዲ ደግሞ የሁሉም ነው። ያኔ ፓዮኒር ያሸነፈው በንፁህ ጨዋታ ነው፣ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ጨዋታው የተበላሸው ዘፈኑና ማሽኑ በሚስጥር መግባባት ሲጀምሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚወዳደሩት ማሽኖች አይደሉም። ፍላሽህ ውስጥ ያለው የዓመታት ልፋትህ ነው መያዣ የተደረገው።

ይሄ ቤት ውድድር ምን ያህል እንደሚወድ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2023 ሴራቶን ሊገዛ ተነሳ። ሴራቶ የኒውዚላንድ ሶፍትዌር ነው፤ ከሬን፣ ከኑማርክ፣ ከሪሉፕ፣ ከማን ጋር የማይሠራ አለ? ሁሉም አዲስ ዕቃቸውን ገና ሳያወጡ ለሴራቶ ያሳያሉ፣ አብረው ይሞክራሉ። እንግዲህ የሁሉንም ሚስጥር የሚያይ ሰው የአንዱ ንብረት ሲሆን አስቡት። የኒውዚላንድ የንግድ ኮሚሽን በጁላይ 2024 “አይሆንም” አለ። ውድድሩ ይጎዳል አለ። ሴራቶም በ2025 ለካናዳው ታይኒ ተሸጠ። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ “ሁሉንም አንድ የሚያደርግ ፎርማት” ይዞ የመጣው ይኸው ሴራቶን መግዛት የተከለከለው አልፋቴታ ነው። መግዛት ያቃተውን ነገር በመክፈት መሰብሰብ ይችላል። ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ደግ ነው ግን አትበሉኝ።

ይሄን ስል የኢንሚዩዚክ ጠበቃ እንዳልመስል። ዴነን ዲጄ፣ ኑማርክ፣ ሬን፣ አካይ፣ ኤም-ኦዲዮ፣ አሌሲስ ሁሉም የዚሁ የአሜሪካ ቤት ናቸው። ሱቅ ገብተህ ስድስት ብራንድ ያወዳደርክ ሲመስልህ ያወዳደርከው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ያሉ ስድስት ስሞችን ነው። እነሱም ቦታውን ቢያገኙ ከዚህ የተለየ ያደርጋሉ ብዬ አልምልም። የሴራቶን ሽያጭ የተቃወሙትም ለኔና ላንተ አዝነው አይደለም።

የዲጄው ሽሚያ ደግሞ ከታች፣ ከጀማሪው ነው የሚጀምረው። ዲዲጄ-400 የተባለው የፓዮኒር ኮንትሮለር (ከላፕቶፕ ጋር የሚሠራ የጀማሪ ዕቃ) በ2018 በ250 ዶላር ገደማ የወጣው በአጋጣሚ አይደለም። አዝራሮቹ የት እንዳሉ እዩ፤ ኪውና ፕሌይ ልክ እንደ ትልቁ ሲዲጄ ናቸው። ተተኪው ኤፍኤልኤክስ4ም እንዲሁ። ልጁ መኝታ ቤቱ ውስጥ ጣቱን ያስለምዳል፣ ክለብ ሲገባ ጣቱ ሌላ አያውቅም። ዩቲዩቡም ያግዛል። አዲስ ዕቃ በወጣ ቀን፣ በወጣበት ሰዓት፣ ደርዘን ቪዲዮ አብሮ ይወጣል። ዕቃው ቀድሞ ተልኮላቸው ነዋ። ማንም “አትግዙት” ብሎ ቀጣዩን ዕቃ ማጣት አይፈልግም። ከዚያ ይሄ ሁሉ ተሰብስቦ “የኢንዱስትሪው ስታንዳርድ” ይባላል።

እኛስ ምን አገባን? በጣም አገባን እንጂ። ብሩ በጁላይ 2024 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። 3,000 ዶላር የሚያወጣ ማጫወቻ 171,000 ብር ማለት ነው። ሳምንታት ሳይቆይ ዶላሩ 100 ብርን አለፈ፤ ያው ማጫወቻ 300,000 ተሻገረ። ያውም ቀረጥና ትራንስፖርት ሳይነካው፣ ያውም አንዱን ብቻ። ሁለት ያስፈልጋል፣ ሚክሰሩም አለ። ይሄን ለማን ብለን ነው የምንገዛው? የሰርጉን ሞንታርቦ የሚያንጫጫው ልጅ ላፕቶፕና ኮንትሮለር ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፍራል። ከዋሽንግተን ወይ ከዱባይ ለአንድ ምሽት የሚመጣው ዲጄ ግን ሁለት ፍላሽ ኪሱ ከትቶ ይመጣና ራይደሩ ላይ ሲዲጄ-3000 ይላል። አዘጋጁም ይሯሯጣል። አከራዩ ያችን አንድ ጥንድ ዕቃ በወርቅ ዋጋ ያከራያል። ወጪው መግቢያ ትኬቱ ላይ ይጨመራል። ቦሌ አንድ ክለብ በር ላይ ወረፋ የቆመው ወጣት የሚከፍለው ለሙዚቃው ብቻ አይደለም፤ ለዚያች ወረቀት ጭምር ነው።

እንዳጨበጭብ ከተፈለገ ቀላል ነው። አልፋቴታ ፎርማቱን ያለ አጋርነት፣ ያለ ፊርማ፣ ለማንም ይልቀቀው። ሲዲጄ የዴነንን ፍላሽ ያንብብ፤ ዴነን የሲዲጄን ለዓመታት ሲያነብ ምንም አልሆነም። የድሮው ኔክሰስ 2 ማሻሻያ ይድረሰው። ይሄ ሁሉ ሶፍትዌር ነው፣ ብረት አያስቀልጥም።

የአዲስ አበባ ዲጄዎች ደግሞ ቀጣዩ ራይደራችሁ ላይ የብራንድ ስም አውጡና “ፍላሽ የሚያነቡ ሁለት ማጫወቻዎች፣ ባለአራት ቻናል ሚክሰር” ብላችሁ ጻፉ። አዘጋጁ ደውሎ “የቱን ብራንድ?” ካላችሁ ያለውን ያምጣ በሉት።