ሞምባሳ ከልጆች ጋር ከሆነ፣ መጀመሪያ የባሕሩን ሰዓት ጠይቁ

ስለ ቤተሰብ ዕረፍት ያነበብኩት ጽሑፍ የኬንያዋን የባሕር ዳር ከተማ የሞምባሳን አካባቢ መምረጡ ደስ ብሎኛል። ግን ስለ ባሕሩ መሸሽ ምንም አላለም። ለልጆች ትልቁ ጨዋታ እሱ ነው!

ከሞምባሳ በስተደቡብ ባለው የባሕር ዳርቻ፣ ዲያኒ፣ ያረፍን ጊዜ፣ ጠዋት ስንወጣ ውሃው ርቆ ሄዷል። በድንጋዮቹ መካከል ትንንሽ ኩሬዎች ቀርተዋል። የስድስት ዓመቷ ልጄ ተንበርክካ አንዲት ሸርጣን አሸዋ ውስጥ ስትቀበር ስታይ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ቁርስም ረሳች። ብቻ ጫማ አድርጉላቸው፤ የባሕር ጃርት እሾህ ክፉ ነው። ይዩ እንጂ ምንም አይንቀሉ። ውሃው በቀን ሁለቴ ስለሚመላለስ ሰዓቱን ካረፋችሁበት ጠይቁ።

ሞምባሳ ያለውን የእንስሳት መናፈሻ፣ ሃለር ፓርክንም እንዳትዘሉት። ድሮ ለሲሚንቶ ድንጋይ ይቆፈርበት የነበረ ቦታ ነው፤ አሁን ጫካ ሆኗል። ልጆች ቀጭኔ በእጃቸው ይመግባሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሱናሚ ጊዜ ብቻውን የቀረው ግልገል ጉማሬ፣ ኦወን፣ ምዜ የሚባለውን ሽማግሌ ኤሊ የሙጥኝ ያለው እዚያ ነው። ታሪኩን መንገድ ላይ ንገሯቸው። የኔዋ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ድገሚልኝ ትለኛለች።

የሞምባሳን የድሮ የፖርቱጋሎች ምሽግ፣ ፎርት ጂሰስን ግን በማለዳ ጨርሱት፤ የቀትሩ ሙቀት ለሕፃን አይሆንም።