ከዜሮ በታች ምን አለ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ኔጌቲቭ ቁጥር እውነተኛ መጠን ነው ወይስ የስሌት ዘዴ ብቻ?

ተቃዋሚ፦ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ብርቱካን አለ። አምስት አንሺ ብባል ሦስቱን አንስቼ ቁጭ ነው። የሚነሳ የለማ! ፈረንሳዊው ፈላስፋ አንትዋን አርኖ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያነሳው ጥያቄም እስካሁን ይከነክነኛል። 1ን ለ−1 ብናካፍል፣ −1ን ለ1 ብናካፍል ውጤቱ ያው ነው። −1 ከ1 የሚያንስ ከሆነ፣ ትልቁን ለትንሹ ማካፈልና ትንሹን ለትልቁ ማካፈል እንዴት አንድ ይሆናል?

ደጋፊ፦ እህቴ፣ ብርቱካን ሲቆጥሩ ዱቤውን ረሱት። የሰፈር ሱቅ ደብተር ላይ 200 ብር ያለበትና ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው እኩል ናቸው? ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 ደንቦቹን ሲጽፍ «ሀብት» እና «ዕዳ» ነው ያላቸው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ በ1763 መርከብ ያመጣል። ከፖርቱጋል ወደ ብራዚል ትሄዳለች። የምሥራቅ ነፋስ 12 ማይል፣ ከዚያም 7 ማይል ይገፋታል። የምዕራቡ 3፣ ቀጥሎም 5 ይመልሳታል። እንደገና 8 ወደፊት። በመጨረሻ ወደፊት የተራመደችው 19 ማይል ነው። ወደኋላ የሄደችው 8 ማይል ባዶ ነገር ነው? ነፋሱስ አልነፈሰም?

ተቃዋሚ፦ ነፍሷል። ግን የሄደችው ተራ 8 ማይል ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ዞረ። ካንትም ብቻውን ሲታይ ኔጌቲቭ የሆነ ነገር የለም ባይ ነው። የእርስዎም 200 ብር ለባለሱቁ ሀብቱ ነው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዴ ሞርጋን በ1831 እንዲህ ጠየቀ፦ አባት 56፣ ልጅ 29 ዓመቱ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ አባትየው የልጁን እጥፍ ይሆናል? መልሱ −2። «ከ−2 ዓመት በኋላ እንገናኝ» የሚል ሰው ያውቃሉ?

ደጋፊ፦ ይሄማ ለእኔ ይመሰክራል! የተሳሳተው ጠያቂው ነው። ቁጥሩ «ወደኋላ ተመለስ» አለው። ቢመለስ 54 እና 27፣ ልክ እጥፍ።

አርኖ ላይ ግን አልፎክርም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ላይብኒዝ እንኳ በ1712 ተቃውሞውን ተቀብሎ፣ ስሌቱ ግን ያዋጣል ብሎ ነው ያለፈው። እኔ ጥፋተኛ የምለው «ያንሳል» የሚለውን ቃል ነው። −1 ከ1 ያንሳል ስንል በመስመሩ ላይ ወደ ግራ ነው ማለታችን እንጂ፣ መጠኑ ትንሽ ነው ማለታችን አይደለም።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ የመስመር ላይ ቦታ ነው፣ መጠን አይደለም እያሉኝ ነው? ታዲያ እስካሁን ለምን አደከሙኝ!