ገና አለፈ፤ ዕዳው ግን ገና ነው

አማርኛ ለዚህ በዓል ስም ሲያወጣ የአባወራውን ኪስ አይቶ ሳይሆን አይቀርም። «ገና» በዓሉ ነው፤ «ገና» ደግሞ ያላለቀ፣ ያልተዘጋ፣ ከፊት የሚጠብቅ ነገር ሁሉ ነው። ልጆች ወር ሲቀረው ጀምረው «ደረሰ?» እያሉ ሲነዘንዙን መልሳችን «ገና ነው» የሚል ነው፤ በዓሉ አልፎ፣ ጌጣጌጡ ከግድግዳ ወርዶ፣ የባንኩ መግለጫ ሲመጣ ባለቤቴ «የስጦታው ዕዳ ተከፍሎ አለቀ?» ብላ ስትጠይቀኝም ያለኝ መልስ ያው ነው።

ቤታችሁ ዕቅድ የለም ወይ እንዳትሉኝ። በየዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ ባለቤቴና እኔ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጥና፣ እንደ ሁለት የገንዘብ ሚኒስትሮች ፊታችንን አኮሳትረን፣ በአንድ ንጹሕ ወረቀት አናት ላይ «ዘንድሮ በልክ» ብለን እንጽፋለን። ከሥሩ ለስጦታ የምናወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ይሰፍራል፤ ከዚያ የሰዎቹ ስም ይከተላል። ችግሩም ከስሙ ይጀምራል። ከገንዘብ ላይ መቀነስ ይቻላል፤ ሰው ግን አይቀነስም። አንድ ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሰው የሚወጣው ወይ ሲጣላን ወይ ሲሞት ነው፤ ሲሞትም ልጆቹ ይተኩታል። ለመግባት ግን ምንም አይጠይቅም። አምና አንዲት ጎረቤታችን ሳናስበው በዋዜማው አንድ ሻማ ይዘው ብቅ በማለታቸው ብቻ ዘንድሮ ስማቸው ከአክስቶቼ ቀጥሎ ሰፍሮ ይገኛል።

ከስሙ ጎን ዋጋ ለመጻፍ ስንደርስ ደግሞ ስለ ገቢያችን የሚያነሳ የለም። ባለቤቴ «ለወንድሜ ምን እንግዛለት?» ትላለች፤ እኔም «አምና እሱ ምን ሰጠን?» እላለሁ፤ በጀቱም በዚሁ ጸድቆ ያድራል። እኛ ሁለታችን ምክትሎች ነን፤ ዋናው ሚኒስትር ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደመወዛችንን አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም፤ የሚያውቀው ሌላው ሰው ስንት ሳያወጣ አይቀርም የሚለውን ግምት ብቻ ነው። የሚገርመው ደግሞ ያ ሌላው ሰውም በዚያው ሰዓት፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የእኛን ግምት እየገመተ መሆኑ ነው።

ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ አጥኚ ማርሴል ሞስ በ1925 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ) ስለ ስጦታ ባሳተመው ጥናት፣ ስጦታ ሦስት ግዴታ አለበት ብሎ ነበር፤ መስጠት፣ መቀበልና መልሶ መስጠት። እሱን ብዙ ገጽ ያስፈጀውን ነገር የእኛ ሰው «ብድር በምድር» ብሎ በሁለት ቃል ገላግሎታል። እኔ ግን ይህን ብድር በቃሌ መያዝ ስላቃተኝ ከሰባት ዓመት በፊት ደብተር ከፈትኩ፤ በግራ የሰጠነው፣ በቀኝ የተቀበልነው፣ በመጨረሻው ዓምድ ልዩነቱ። ባለፈው ሰሞን የባለቤቴን ወንድም ገጽ ደምሬ ባየው፣ በሰባት ዓመት ውስጥ እኛ ለእሱ ባወጣነውና እሱ ለእኛ ባወጣው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ጥንድ ካልሲ ዋጋ ያህል ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ቤተሰብ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰልፍ ቆመን፣ መኪና ማቆሚያ ላይ ተጨቃጭቀን፣ «ይህ ይወድለት ይሆን?» ብለን እንቅልፍ አጥተን፣ ያንኑ ገንዘብ እኛ ለእሱ እሱ ለእኛ ስናመላልሰው ኖረናል ማለት ነው፤ ገንዘቡ ግን ከሁለታችንም ቤት አልደረሰም፤ በመንገድ ላይ ካሉት ሱቆች ገብቶ ቀርቷል። ይህን ታላቅ ግኝት ለባለቤቴ ባሳያት ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «የካልሲው ዕዳ በማን ላይ ነው?» አለችኝ። በእኛ ላይ ነበር። ካልሲው በማግስቱ ተገዛ።

የዚህን ነገር ኪሳራ በቁጥር ለማወቅ የተነሳ ምሁርም አልጠፋም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ጆኤል ዋልድፎግል በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ የሰጪውን ፍቅርና ትዝታ ወደ ጎን ትታችሁ፣ በገና የተሰጣችሁን ዕቃ ራሳችሁ ብትገዙት ስንት ታወጡበት ነበር ብሎ ተማሪዎችን ጠየቀ። በመጀመሪያው መጠይቅ የተሳተፉት ተማሪዎች ለስጦታቸው በአማካይ 438 ዶላር ሳይወጣበት እንዳልቀረ ገመቱ፤ እኛ ብንሆን ግን የምንከፍልበት 313 ዶላር ነው አሉ። ዋልድፎግልም በገና ስጦታ ከሚወጣው ገንዘብ ከ10 በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛው እንደሚባክን ጻፈ። በ1996 ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ተነስተው፣ የለም፣ እኛ የጠየቅናቸው ሰዎች ስጦታቸውን ከተገዛበት ዋጋ በላይ ነው የገመቱት ብለው ስለተቃወሙት ክርክሩ በምሁራኑ ዘንድ ሳይቋጭ ቀርቷል። በእኔ ቤት ግን ተቋጭቷል፤ ምክንያቱም ዋልድፎግል ብክነቱ የሚከፋው ከአክስት፣ ከአጎትና ከአያት በሚመጣው ስጦታ ላይ ነው ብሏል፤ እኔም አክስት አለችኝ።

እትዬ፣ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ በየገናው ከረባት ይሰጡኛል። ከረባት አስሬ አላውቅም። ይህንን ልነግራቸው ሰባት ጊዜ ቆርጬ ተነስቼ፣ ሰባቱንም ጊዜ ከአፌ የወጣው «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ቀለም ከየት አገኙት?» የሚል ሆኗል። እሳቸውም ቀለሙ እንደማረከኝ ስላስተዋሉ በዓመቱ ያንኑ ቀለም ይደግሙታል። ዛሬ በቁም ሣጥኔ ውስጥ አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ሰባት ከረባቶች ተሰቅለዋል፤ ለእትዬ በምላሹ የሰጠናቸው ሰባቱ ሻርፖች ደግሞ በእሳቸው ሣጥን ተጣጥፈው እንደተቀመጡ ከልጃቸው ሰምቻለሁ።

ይህን ነገር ለማስቆም የሞከረ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። በ1912 ኤሊኖር ቤልሞንትና አን ሞርጋን የተባሉ ሁለት ባለጸጋ ሴቶች በኒው ዮርክ ከተማ የማይረባ ስጦታን የሚከላከል ማኅበር አቋቁመው ነበር። መነሻቸው በየሱቁ በጥቂት ደመወዝ የሚሠሩ ሴቶች በየገናው ለአለቆቻቸው ስጦታ መግዣ እንዲያዋጡ መገደዳቸው ነበር፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀር አባል ሆኖላቸዋል። ማኅበሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰመ፤ መዋጮው ግን እነሆ እኔ ድረስ ደርሷል። በመሥሪያ ቤታችን ለአለቃችን የገና ስጦታ አንድ ፖስታ ከስም ዝርዝር ጋር ይዞራል። በዝርዝሩ አናት ላይ «በፈቃደኝነት» የሚል ቃል ተሰምሮበት ይገኛል። የመጀመሪያው ፈራሚ የፈቀደውን ይጽፋል፤ ከእሱ በታች ያለነው ሁላችን የምንጽፈው እሱ የፈቀደውን ነው። አምና የመጀመሪያው ፈራሚ ዕድገት የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ፣ የእሱ ዕድገት ለአርባ ሁለት ሠራተኞች ስንት እንደፈጀብን አስሉት።

ነጋዴውን በዚህ አልወቅሰውም፤ እሱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ደግሞም ይችልበታል። በ1939 በአሜሪካ የኅዳር ወር አምስት ሐሙስ ነበረው፤ በልማድ በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ የሚከበረው የምስጋና ቀን በ30 ሊውል ሆነ፤ የገና ገበያ የሚሟሟቀው ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ነጋዴዎቹ የመሸመቻው ጊዜ አጠረ ብለው አቤት ቢሉ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በዓሉን በአንድ ሳምንት ቀደም እንዲል አደረገላቸው። ግዛቶቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሁለቱንም ቀን ያከበሩ ነበሩ፤ ነገሩ የረጋው ምክር ቤቱ በ1941 በሕግ አራተኛው ሐሙስ ይሁን ብሎ ሲወስን ነው። አገር የሚያከብረው ቀን ለአንድ ሳምንት ገበያ ሲባል ቦታ የሚለቅ ከሆነ፣ «ዘንድሮ በልክ» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ምን አቅም ይኖረዋል?

አስቀድሞ መቆጠብ ነው የሚሻለው የሚሉኝ አሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1909 በፔንሲልቬንያ በካርላይል ከተማ አንድ ባንክ ደንበኞቹ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አስቀምጠው ገንዘቡን ለገና የሚያወጡበት የቁጠባ ክበብ ከፍቶ ነበር፤ ልማዱም በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። ሰው ከራሱ ላይ ገንዘቡን የሚደብቅለት ሌላ ሰው መፈለጉ ብልህነት ነው፤ አንዳንዴ ግን ደባቂው ራሱ ይደበቃል። በ2006 በብሪታኒያ ፌርፓክ የተባለው የገና ቁጠባ ድርጅት በዓሉ ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ወድቆ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያስቀምጡ የከረሙ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። የእኔ ቁጠባ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ስለነበረ እንዲህ ያለ አደጋ አላሰጋውም፤ በሦስተኛው ሳምንት ራሴ ከፈትኩት።

ወደ ዋዜማው ሌሊት ልመለስ። በዚያ ሌሊት በቤታችን የሥራ ክፍፍል አለ፤ ባለቤቴ ትጠቀልላለች፣ እኔ ዋጋ እልጣለሁ። የሚጠቀለልበት ባለ ጌጥ ወረቀት በ1917 በካንሳስ ሲቲ የሆል ወንድማማቾች ሱቅ የመጠቅለያ ስሱ ወረቀት ቢያልቅበት ለፖስታ ገበር የመጣውን አውጥቶ አንዱን በ10 ሳንቲም ከመሸጡ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው፤ የዚያን ዕለት ስሱ ወረቀት ባያልቅ ኖሮ እኔ ዛሬ ለመቀደድ ብቻ የሚገዛ ነገር ባልገዛሁ ነበር። አማቴ ብቻ ወረቀቱን ሳይቀዱ፣ ሙጫውን በጥፍራቸው ጫፍ እያላቀቁ፣ አጣጥፈው ፍራሻቸው ሥር ያኖሩታል፤ በቤተሰባችን ያሉት ብቸኛዋ የኢኮኖሚ ባለሙያ እሳቸው ናቸው።

ዋጋ መላጥ ግን ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ወረቀቷ የጥፍር ያህል ናት፤ ስትገዛው ዕቃው ከእጅህ ይወድቃል እንጂ እሷ አትወድቅም። በፀጉር ማድረቂያ ታሞቃታለህ፣ በእርጥብ ጨርቅ ታባብላታለህ፣ በመጨረሻ ግማሿ ትነሳና ግማሿ ነጭ ጠባሳ ሆና ትቀራለች። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ስንት እንደወጣበት ይታወቅልን ብለን የገዛነውን ዕቃ፣ ስንት እንደወጣበት እንዳይታወቅ ስንፍቀው ማደራችን ነው።

የባለቤቴ ወንድም በዚህ ሥራ እንደ እኔ አልተካነም። በበዓሉ ዕለት ያመጣልን የጠረጴዛ መብራት ሥሩ ላይ የተላጠች ወረቀት ነበረችበት፤ የፊቱ ተፍቆ ሁለት ዜሮዎች ብቻ ቀርተዋል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴና እኔ መብራቱን ገልብጠን፣ በራሱ ብርሃን ሥሩን ማየት ስላልተቻለ በስልክ እያበራን፣ ከዜሮዎቹ በፊት የነበረው ቁጥር ምን እንደሆነ ስንመረምር አመሸን። የታየችው ጭረት ለእኔ የሦስት ጅራት መሰለችኝ፤ ባለቤቴ «ወንድሜ በሦስት አይወርድም፣ ዘጠኝ ናት» ብላ ድርቅ አለች። በሦስትና በዘጠኝ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት በጀታችን ነው። እኛ የሰጠነው በስድስት ነበር። በደብተሩ ላይ በእርሳስ «ዘጠኝ (?)» ተብሎ ተመዘገበ፤ የቤት ሰላም ከሦስት ይበልጣል።

ከዚያ ስፔናውያን «የጃንዋሪ ዳገት» የሚሉት ወር ገባ። ዳገት ማለታቸው ገብቶኛል፤ ወሩ ሲወጡት አያልቅም፣ ዞር ብለው ሲያዩት ደግሞ የበዓሉ መብራት ከሥር ይታያል። ልጄን ያልበቃትን ጫማ ልመልስ ከባለቤቴ ጋር ሱቅ ሄደን ሰልፍ ቆመናል፤ ከፊታችንም ከኋላችንም ያለው ሰው ሁሉ የሰው ፍቅር በፌስታል ይዞ ደረሰኝ እየፈለገ ነው። በዚህ መሃል ባለቤቴ ክርኔን ነካ አደረገችኝና በአገጯ አመለከተችኝ። የወንድሟ መብራት፣ ያው ራሱ፣ ስምንት ሆኖ በመደርደሪያ ላይ ተሰልፏል።

ሰልፉን ለእሷ ትቼ ሄጄ አንዱን ገለበጥኩት። ወረቀቷ ሙሉ ነበረች። በሁለት ዜሮ የሚያልቀው በላይኛው መስመር ላይ ያለው የዕቃው መለያ ቁጥር ሆኖ አገኘሁት፤ ዋጋው ከሥሩ በደቃቅ ተጽፏል፤ ከሦስትም ያነሰ ነበር። ይዤው ተመልሼ ለባለቤቴ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ቅናሽ ተደርጎበት ይሆናል» አለች። ቅናሹ ከዋጋው ጎን በቀይ ስለተጻፈ ምንም አልመለስኩላትም።

የጫማውን ገንዘብ ሱቁ በጥሬ አልመልስም፣ በምትኩ ሌላ ዕቃ ውሰዱ ስላለን ከእነዚያ መብራቶች አንዱን ወሰድን። የሚቀጥለው ዓመት የእትዬ ስጦታ ነው። ወረቀቷን ትናንት ማታ ላጥኳት፤ ፀጉር ማድረቂያውን በጥንቃቄ ይዤ፣ ዋጋውን ከሥሩ ጠርጌ፣ ከመለያ ቁጥሩም የፊተኞቹን አንስቼ፣ ሁለቱን ዜሮዎች ሳልነካ ተውኳቸው።