ሦስት ቁጥር፣ አንድ ታክሲ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች ወደ ቤተሰባቸው የሚልኩት አንድ ርካሽ ቴሌግራም ነበር። ወታደሩ በራሱ ቃል አይጽፍም። አስቀድሞ ከተዘጋጀና ቁጥር ከወጣለት የዓረፍተ ነገር ዝርዝር ውስጥ ሦስት ይመርጣል። በሽቦ የሚሄደው ቁጥሩ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ጸሐፊ ቁጥሩን ወደ ቃል መልሶ ይልከዋል። ደብዳቤ መድረሱን የሚያበስር፣ መልካም ልደት የሚመኝ፣ ወንድ ልጅ መወለዱን የሚያወራ ሳይቀር በዝርዝሩ ነበረ።

«ናፍቆት በቁጥር!» ብለው የሚሳለቁ አሉ። እኔ አልስማማም። እናት የምታነበው ዓረፍተ ነገሩን መቼ ሆነና? ልጇ በእግሩ ቆሞ፣ ዝርዝሩን ገልጦ፣ «ይኸኛው ይሁን» ማለቱን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ያደለው ካርድ ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር፦ «ደህና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ» የሚሉ ታትመውበት ወታደሩ የማይሆነውን ይሰርዛል። ከቀንና ከፊርማ ሌላ ቃል ከጨመረ ካርዱ እንደሚወገድ እዚያው ላይ ተጽፏል። ቢሆንም ስረዛውም ፊርማውም የእጁ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣው የተዘጋጀ ቃል ነው፤ ከጀርባው የቆመ ሰው የለውማ። በዚያው በአንደኛው ጦርነት የእንግሊዝ መኮንን ሲሞት ቤተሰቡ በቴሌግራም ይረዳ ነበር፤ የተራው ወታደር መርዶ ግን ስሙ የተሞላበት ቅጽ ሆኖ በፖስታ ይደርሳል። በሞትም ማዕረግ!

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1965 ቬትናም ውስጥ በኢያ ድራንግ ሸለቆ ብዙ አሜሪካውያን ወታደሮች አለቁ። በጆርጂያ ግዛት፣ ኮለምበስ ከተማ፣ መርዶውን ለቤተሰብ እንዲያደርሱ ቴሌግራሞቹ የተሰጡት ለታክሲ ሾፌሮች ነበር። አንዱ ሾፌር የሻለቃው ጦር አዛዥ የሃል ሙርን ቤት አንኳኳ። ባለቤቱ ጁሊያ ሙር ባሌ ሞተ ብላ ደነገጠች። ሰውየው ግን ቤቱ ጠፍቶት አድራሻ ሊጠይቅ ነበር የመጣው።

ጁሊያ ከዚያ በኋላ ቴሌግራሙ ወደደረሰባቸው ቤቶች እየሄደች ከሚስቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ ቀብር ላይም ተገኘች። ለጦሩ አለቆችም አቤት አለች። ጦሩ ውሎ አድሮ ታክሲውን ተወና መርዶውን የሚያደርስ መኮንንና ቄስ መደበ።